ፈረሱ የታመመበት ገጽ

ሴቶች ሰርግ ቤት ተሰብስበው በኒካህ ከባሎቻቸው ስላገኙት መህር ሲያወሩ ደስ ይለኛል። አንዷ የአንገት ሐብሏን ታሳያለች፤ ሌላዋ አምባሯን ከፍ አድርጋ ታንኳኳለች፤ አንዷ ደግሞ ባሏ ላም ከነጥጃዋ እንደነዳላት ትናገራለች። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ «አንድ መጽሐፍ» እላለሁ። ቁርዓን መስሏቸው «ማሻአላህ» ይሉኛል። ውሸት አልወድምና «የለም፣ የፈረሰኛና የንጉሥ ልብ ወለድ ነው» እላቸዋለሁ። እርስ በርስ ይተያያሉ። ከዚያ አንዷ ትስቃለች፣ ከዚያ ሁሉም ይስቃሉ፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ እስቃለሁ፤ አሁንም ትዝ ባለኝ ቁጥር ሳቄን መቆጣጠር አልችልም።

ያደግሁት ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለ የሰፋሪዎች መንደር ነው። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ ሲመጣ ገና ጎረምሳ ነበር፤ አነጋገሩን ብትሰሙት ግን ትናንት ከመኪና የወረደ ነው የሚመስላችሁ። በመንደራችን ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረ አንድ የጎጃም ሰው ዝውውር ሲያገኝ ሻንጣው አልዘጋ አለውና አንድ ወፍራም መጽሐፍ ከውስጡ አውጥቶ ለእኛ ቤት ተወው። ንጉሥ አለበት፣ ልዕልት አለች፣ በር ላይ ቆሞ ገቢና ወጪውን የሚያስተናግድ አጋፋሪ አለ፣ የንጉሡን ፈረሶች የሚያዝ ባልደራስ አለ። በቃ፣ ልቤ ጠፋ። ውሃ ቅጂ ስባል ጄሪካኑን አንጠልጥዬ «ልዕልቲቱ ወደ ምንጩ ወረደች» እያልኩ ነበር የምሄደው። እናቴ ይህች ልጅ ብቻዋን ማውራት ጀመረች ብላ ሼህ ጠርታ ራሴ ላይ ቁርዓን አስቀርታብኛለች።

ትምህርቴን ጨርሼ አሶሳ አንድ ጤና ጣቢያ በላቦራቶሪ ስቀጠር፣ ከሥራ ስወጣ ዋናው ጉዳዬ ሌላ እንዲህ ያለ መጽሐፍ መፈለግ ሆነ። መናኸሪያው አጠገብ ላስቲክ አንጥፎ የሚሸጠው ሰውዬ ያለው የፈተና መለማመጃ፣ የሃይማኖት መጽሐፍና በአጭር ጊዜ ሀብታም መሆኛ ዘዴ ብቻ ነው። ንጉሥ ያለበት ልብ ወለድ የለህም ወይ ስለው፣ ንጉሥ እኮ ከወረደ ቆየ ይለኛል። ስለዚህ በቴሌግራም የሚላኩትን በስልኬ ማንበብ ያዝኩ። ወላሂ፣ አብዛኞቹ የማይረቡ ናቸው። ሰዎቹ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሰይፍ ይመዛሉ እንጂ አንድ ቀን እንኳ አያስነጥሳቸውም። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ አንዴ ከተቀመጠ አይነሳም፤ ሽንት እንኳ አይመጣበትም። ለእኔ ጥሩ የቤተ መንግሥት ልብ ወለድ ማለት፣ ግብር ላይ የተቀመጠው መኮንን ሥጋ ጥርሱ ውስጥ ገብቶበት፣ ንጉሡ እያየው ማውጣት ሲያፍር የሚያሳየኝ ነው። ይህን መጻፍ የሚችል ሰው ከተገኘ ሰይፉን ቀስ ብለን እንደርስበታለን።

ባለቤቴን ያገኘሁት በአህያ ደም ምክንያት ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ የበርታ ልጅ፣ የሸርቆሌ ሰው። የመሥሪያ ቤታቸው ማይክሮስኮፕ ተበላሽቶበት የእኛን ሊለምን መጣ። በሰዓቱ ሕመምተኛ ስላልነበረ እኔ ስልኬን ከጠረጴዛው ሥር ይዤ እያነበብኩ ነበር። የአህያዋን ደም በማይክሮስኮፑ እያየ ምን እንደማነብ ጠየቀኝ። ፈረሰኛው ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ጋልቦ ልዕልቲቱ ጋ ሊደርስ ነው አልኩት። ዓይኑን ሳያነሳ፣

«ይሄ ፈረስ ውሃ መቼ ጠጣች?» አለኝ።

አማርኛ የአፍ መፍቻው አይደለም። ፈረሱን አንዴ ወንድ አንዴ ሴት ያደርገዋል፤ እኔንም ሲጨንቀው «አንተ» ይለኛል። ወደ ኋላ ተመልሼ ገጾቹን አገላበጥኩ። ፈረሱ አልጠጣም። አልበላምም። ያን ሁሉ መንገድ በባዶ ሆዱ ነው የሮጠው፣ እኔም ከልዕልቲቱ ጋር ሳለቅስ ልብ አላልኩትም። ደግሞ ይህ ፈረሰኛ ወደ እኛ ቆላ ቢመጣ የዳቡስን ወንዝ ሳይሻገር እግረኛ ይሆን ነበር አለኝ፤ ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የሚያስተላልፈው ዝንብ የንጉሥ ፈረስ ነው ብሎ አይምርም። እሱ ራሱ በየቆላው እየዞረ ስንቱን የታመመ ከብትና አህያ ሲያክም፣ ስንቱን ሲቀብር እንደኖረ የዚያን ቀን አጫወተኝ። ከሄደ በኋላ ቁጥሩን ስልኬ ላይ «ባልደራስ» ብዬ መዘገብኩት።

ነገሩን ላሳጥረውና፣ ሽማግሌ ላከ። የሰው አገር ሰው ነው ብለው ሊያጉረመርሙ ለመጡ ዘመዶቻችን አባቴ፣ ሙስሊም ነው፣ የታመመች ላሜን አክሞ ያዳነልኝ ነው፣ ሌላ ምን ልጠይቅ አላቸው። የቀረው መህሩ ብቻ ሆነ። መህር ሙሽራዋ ራሷ የምትጠይቀው፣ ከኒካህ በኋላም የእሷ ብቻ የሆነ ስጦታ ነው፤ ባልም አባትም አይነኩባትም። አክስቴ ወርቅ በይ እያለች ጆሮዬን ስታደነቁረኝ ሰነበተች። እኔ ግን እስካሁን ያላነበብኩት አንድ ጥሩ የፈረሰኛና የንጉሥ ልብ ወለድ ነው የምፈልገው አልኩ። ግማሹ ቀልድ ነበር። ግማሹ ግን እውነት ነው፤ ዕድሜ ልኬን አብሬው የምኖረው ሰው ጥሩውን መጽሐፍ ከመጥፎው መለየት ይችል እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ። እንዳያቅተው ደግሞ ፈራሁ፤ ወድጄዋለሁና።

ጥያቄዬ በጋቢ በተጠቀለሉ ሽማግሌዎች በኩል፣ ልክ እንደ ደም ዕርቅ በክብርና በቀስታ፣ ከቤት ቤት ተላለፈ። ኒካሁን የሚያስሩት ሼህ ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። መህር የታወቀ ነገር መሆን አለበት፣ «ጥሩ» የሚባል ነገር ደግሞ በምን ይመዘናል አሉ። ስለዚህ መጽሐፉ ተገኝቶ በኒካሁ ቀን ፊታቸው ይቅረብ፤ ካልቀረበ ኒካህ አላስርም፣ አለበለዚያ ልጅቷ እንደ ሰው ወርቅ ትጠይቅ አሉ። አባቴ እንደ ሰው የምትለዋን ቃል ደጋግሞ ነገረኝ። እኔም ከአፌ የወጣውን አልመልስም አልኩ። አክስቴ ይህች ልጅ በገዛ እጇ ቆማ ልትቀር ነው ብላ ደረቷን መታች።

ባልደራሴ ፍለጋውን ጀመረ። ለክትባት ካማሺ ድረስ ሲሄድ፣ በዚያ አቧራና ጭቃ መንገድ፣ የክትባቱን ሳጥን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ በየደረሰበት መጀመሪያ ስለ መጽሐፍ ይጠይቃል፣ ከዚያ ከብት ይከትባል። አንደኛ ያመጣልኝ የታሪክ መማሪያ ነበር፤ ንጉሥ ሞልቶበታል አለኝ። ልብ ወለድ አይደለም ብዬ መለስኩለት። ሁለተኛው ሽፋኑ ላይ የሚያምር ፈረሰኛ አለው፤ ስገልጠው ስለ ንብ እርባታ ነው። አንዱ ሰው የሌላ መጽሐፍ ሽፋን ለብጦበት ኖሯል። ሦስተኛውን የሸርቆሌ ሚኒባስ ላይ ከተዋወቀው ሰው ተውሶ፣ እስከ መጨረሻው አንብቦ፣ ለእኔ ሳያሳየኝ መለሰው። ምነው ስለው፣ ፈረሱ ተራራ ወጥቶ ወርዶ አላላበውም፣ የማያልበው ፈረስ ደግሞ ውሸት ነው አለኝ። ያን ቀን በደስታ የአንዱን ሰው ናሙና ከሌላው ልቀላቅል ነበር፤ አላህ አተረፈኝ። ሰውዬው መለየት ይችላል! አሁን የጎደለው መጽሐፉ ብቻ ነው፣ እሱም ከሌለ ባልም የለም።

የኒካሁ ቀን እየቀረበ መጣ። ሴቶቹ እጄን ሂና ሊቀቡኝ ሲዘጋጁ ከባምባሲ ደወለ። የአንድ ጡረተኛ መምህር ላም ጥጃው ተጣሞባት፣ ሲታገል ውሎ አዋልዷታል። ምን ልክፈልህ ሲሉት የንጉሥና የፈረሰኛ መጽሐፍ አለዎት ወይ አላቸው። መምህሩ በኦሮምኛ ሚስታቸውን ተጣርተው ከአልጋ ሥር ካርቶን አስወጡ።

«ጥሩ ነው?» አልኩት።

«በላች» አለኝ።

«ማን?»

«ፈረስ። ገብስ በላች፣ ጠጣች፣ ተኛች። ንጉሡ ደግሞ ሆዱን ቁርጠት ይዞታል።»

ስልኩን ዘግቼ ማንጎው ሥር ብቻዬን እስክስታ መታሁ። አክስቴ በመስኮት አይታ፣ ያኔ የተቀራው ቁርዓን አልበቃትም ነበር ማለት ነው አለች።

በኒካሁ ቀን ወንዶቹ ሳሎን ተቀመጡ፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ነኝ። በመካከላችን የቀርከሃ ግድግዳ ብቻ ስላለ ሁሉም ነገር ይሰማል፤ በስንጥቁ ማየትም ይቻላል። ሙሽራ እንዲህ አታደርግም ተብያለሁ፤ አየሁ። ባልደራሴ ነጭ ጀለብያ ለብሶ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አድርጓል፤ አንድ ጣቱን ጫፏ የታጠፈች ገጽ ላይ ከትቷል። ሼሁ መህሩ ቀርቧል ወይ አሉ። ቀርቧል አለ። እጃቸውን ዘረጉ። እሱ ግን አልሰጣቸውም። አንገቱን ደፍቶ መጽሐፉን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ሐሳቡን ቀየረ አልኩ። አክስቴ ክንዴን ጨበጠችኝ።

«ሼሁ፣ ፈረስ ታመመች» አለ በመጨረሻ። «ከዚያ በኋላ እኔ አላነበብኩም። ከሞተ፣ ይሄ ለሰርግ መህር አይሆንም።»

አንዱ ሽማግሌ የማን ፈረስ ነው ብለው ተነሱ፤ በር ላይ የታሰረ መስሏቸው ነው። የመጽሐፉ ፈረስ መሆኑ እስኪገባቸው ጊዜ ወሰደ። ባልደራሴ እየተንተባተበ አስረዳቸው። በጣም ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ገጽ በገጽ ሲያነብ ከፈረሱ ጋር ከውርንጭላነቱ ጀምሮ አብሮ አድጓል፤ አሁን ግን ፈረሱ መኖ እምቢ አለ፣ ዓይኑ ያነባል፣ የኋላ እግሮቹ አብጠዋል። ይህን ምልክት ያውቀዋል። ገጹን መግለጥ አልሆነለትም።

እዚያ ከተቀመጡት ወንዶች ከብት ያላረባ የለም። ኒካሁ ተረሳ። አንዱ ገንዲ ነው አሉ። ሌላው ገንዲስ ቢሆን ጸጉሩ ይቆም ነበር፣ ጸጉሩ ቆሟል ወይ ብለው ጠየቁ። አባቴ የእሱ በሬ ልክ እንዲህ ሆኖ እንደዳነ ሲናገር፣ የባልደራሴ አጎት ደግሞ ኻላስ፣ አበቃለት፣ ይህ ፈረስ አያድርም ብለው ፈረዱ። ድምፅ ከፍ እያለ መጣ። ሼሁ በመዳፋቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው ዝም አሰኟቸው። መህሩ የልጅቷ ነው አሉ፤ መጽሐፉን ከነበሽተኛ ፈረሱ እንዳለ ትቀበል እንደሆነ እሷ ትጠየቅ።

አባቴ ወደ ጓዳው በር መጥቶ ጠየቀኝ። እንግዲህ የሙሽራ ፈቃድ ዝምታዋ ነው። አክስቴ ሳምንት ሙሉ ያስጠናችኝ ይህንኑ ነው፤ አንገትሽን ድፊ፣ ትንፍሽ እንዳትይ። ደፋሁ። ዝም አልኩ። ትንሽ ዝም ብል ባል አገባሁ ማለት ነው።

ታዲያ ሳሎን ያሉት መታገሥ አልቻሉም። አባቴ ወደ ቦታው ሳይመለስ፣ ሼሁ መጽሐፉን ከባልደራሴ እጅ ወስደው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ የታጠፈችውን ገጽ ገልጠው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። «ጎሕ ሲቀድ ባልደራሱ ወደ ጋጣው ገባ፤ ፈረሱንም...»

ያላነበብኩት ነበር እኮ ያልኩት! የእኔን መህር፣ ያን ሁሉ አገር ተዞሮ የመጣውን፣ መጨረሻውን በግድግዳ በኩል ሊያሰሙኝ ነው። ምን እንደነካኝ አላውቅም።

«ተቀብያለሁ! መጽሐፉን ግን ዝጉት!»

ጩኸቴ ጎረቤት ድረስ ተሰምቷል ይላሉ። አክስቴ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ከዚያ መጽሐፉ ጥፍ ብሎ ሲዘጋ ሰማሁ። ሼሁ ስንት ኒካህ አስሬያለሁ፣ የሙሽራ ፈቃድ እንዲህ ጥርት ብሎ ሲሰማ ግን ዛሬ ነው ያየሁት አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ነበር። በስንጥቁ አጮልቄ ባየው ባልደራሴ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ግድግዳውን እያየ ይስቃል። ኒካሁ ታሰረ። ሽማግሌዎቹ ምርቃቱን አድርሰው ሲወጡ ቅር ብሏቸው ነበር፤ ፈረሱ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ነዋ የሚሄዱት። ዛሬም ገበያ ሲያገኙኝ ቀረብ ብለው ልጄ፣ ያ ፈረስ እንዴት ሆነ ይሉኛል።

መጽሐፉን ጫጉላችን ላይ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ንጉሡ ቁርጠት ያመዋል፣ አጋፋሪው ጫማው ይጠበዋል፣ ልዕልቲቱ ስትናደድ ጥፍሯን ትበላለች። የታጠፈችው ገጽ ጋ መድረሴን ባልደራሴ ሲያይ ተነስቶ ወደ ግቢ ወጣ፣ ምንም ያልነካውን ባልዲ ማጠብ ጀመረ። እኔ አነበብኩ፤ ጨረስኩ። በሩ ላይ ስቆም ፊቱን አላዞረም።

«አትንገረኝ» አለኝ።

አልነገርኩትም። ከዚያች ገጽ አልፎ እስካሁን አላነበበም። አንዳንድ ቀን ከካማሺ ሲመለስ፣ አቧራ ለብሶ፣ ያልተረፉለት ከብቶች ፊቱ ላይ ሆነው ይገባል። በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ያወልቃል። ቆይቶ፣ ቀና ሳይል፣ ፈረስ እንዴት ዋለች ይለኛል።

«ውሃ ጠጥታለች» እለዋለሁ።