ከፀሐይነሽ አፍ ያልወጣው ቃል

የካናዳዋ ካልጋሪ ባሕር የላትም። ፀሐይነሽ ግን የባሕር ሰው ነኝ ማለቷን አልተወችም። ኦግደን በሚባለው የከተማዋ ሰፈር፣ ከባቡሩ ግቢ አጠገብ ባለ ዳቦ ፋብሪካ ሺፍት እየሠራች፣ «ሙያሽ ምንድን ነው?» ያላትን ሁሉ «መርከብ አስገባለሁ፣ መርከብ አስወጣለሁ» ትለዋለች። ሰው ይስቃል። እሷ አትስቅም።

እውነቷን ነው። በደርግ ጊዜ፣ በቀይ ባሕር ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ወደብ (ስሟን ባነሳ ፖለቲካ የሚጀምሩብኝ አሉና ይቅር)፣ ማማ ላይ ተቀምጣ መርከቦቹን በሬዲዮ የምታዘው እሷ ነበረች። የወደቧ መግቢያ አንድ ነው፤ ጠባብ ነው፤ ሁለት መርከብ አያስተላልፍም። ባሕሩ ደግሞ ሲሞላና ሲጎድል ይውላል። ሙላቱ ቢበዛ ከጉልበት አያልፍም፤ ይሁን እንጂ እስከ አፉ እህል የጫነ መርከብ በሰላም የሚገባውም፣ አሸዋ ላይ የሚቀመጠውም በዚያች ጉልበት በምታህል ውሃ ነው። ስለዚህ «ግባ» የምትለዋ ቃል ከፀሐይነሽ አፍ ሳትወጣ ካፒቴን አይነቃነቅም።

አንድ ቀን ስንዴ የጫነ ትልቅ መርከብ ከመግቢያው ውጭ መልሕቁን ጥሎ ሲጠብቅ ባሕሩ መጉደል ጀመረ። ወደቡ ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ ባለሥልጣኖች ጃንጥላ ተይዞላቸው፣ ካሜራ ተደቅኖ፣ ስንዴውን በክብር ሊቀበሉ ቆመዋል። የወደቡ ኃላፊ አቶ ጉልላት ወደ ማማው ደወሉ።

«ግባ በይው!»

«ውሃው እየጎደለ ነው ጓድ ጉልላት። ማታ ሲሞላ ይገባል።»

«ሕዝብ እየተራበ?»

«አሸዋ ላይ የቀረ ስንዴ ማንም አይበላውም። መግቢያውን ከዘጋብን ደግሞ የሚቀጥለውም አይገባም።»

መጮህ ሲጀምሩ ስልኩን ዘጋችባቸው። የሬዲዮው ማይክ እጇ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ አላለቻትም። እንግዶቹ ፀሐይ ሲጠብሳቸው ውሎ፣ ተበሳጭተው ሄዱ። መርከቡ ማታ በሙላቱ ሰተት ብሎ ገባ። አቶ ጉልላት የጠበቁት ሹመት ቀረ፤ ፀሐይነሽም ከማማው ወርዳ መጋዘን ተጣለች። ክፋቱ ደግሞ አሸዋ ያልነካ መርከብ ምስክር አይሆንም። እሳቸው «ይገባ ነበር» እንዳሉ፣ እሷም «አይገባም ነበር» እንዳለች መንግሥት ተለወጠ፣ አገር ተከፈለ፣ ሁለቱም ተሰደዱ።

እግዚአብሔርም መቀለድ ሲያምረው፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ሁለቱንም ኤሪን ውድስ በሚባል የካልጋሪ ሰፈር ባለች አንዲት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን አገናኛቸው። እሳቸው በቀኝ ይቀመጣሉ፣ እሷ በግራ።

በዚህ መሃል ከተራሮቹ ወዲያ፣ በካናዳ ምዕራብ ባሕር ዳር፣ ግንድ የሚጭኑ መርከቦች የሚመላለሱባት አንዲት ትንሽ ወደብ በሬዲዮ መርከቦችን የሚያስተናግድ ሰው ፈለገች። የዚያ ባሕር ሙላት ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ሲመጣ ሰው ይውጣል። ፀሐይነሽ ፈተናውን አለፈች። የቀረው፣ ድሮ ያሠራት አለቃ በስልክ ስለ እሷ መመስከሩ ብቻ ነበር። ከካናዳ ጫፍ እስከ ጫፍ ያ ሰው አቶ ጉልላት ብቻ ናቸው። ሥራውን ደግሞ አጥብቃ ፈልጋዋለች።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሼ ኪራኮስ ሁለቱን ኦግደን ወዳለው ቤታቸው ጠሩና ከቤቱ ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ ፊት ለፊት አስቀመጧቸው። ባቡር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል።

«ልጄ፣ ጉልላት ለሪፈረንስ ኮል ሲያደርጉለት ደኅና ነገር ሊናገርልሽ ተስማምቷል» አሉ ጋሼ ኪራኮስ። «አንቺ ብቻ ስለዚያ መርከብ ‹አጥፍቻለሁ› በይው። በቃ፣ ፊኒሽ።»

ፀሐይነሽ ብድግ አለች። «ጋሼ ጉልላት፣ ስልክ ዘግቼብዎታለሁ። ነውር ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በመርከቡ ግን አላጠፋሁም።»

አቶ ጉልላት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እሺ ይበልጣል ከሺ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ጆቡ እኮ ሊያመልጥሽ ነው! አንዲት ቃል ምን ትከብዳለች?»

«እኔ እንጀራ የበላሁት በአንዲት ቃል ነው፣ ጋሼ ኪራኮስ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዛሬ ለጆብ ብዬ ‹አጥፍቻለሁ› ካልኩ፣ ነገ ሌላ አለቃ በሚጎድል ውሃ ‹ግባ በይው› ሲለኝ በምን አፌ እንቢ እላለሁ?»

«ይኸው! አሁንም ያው ናት!» ብለው አቶ ጉልላት ተነሡ። «ሲደውሉ የማውቀውን ነው የምነግራቸው!»

«ይንገሯቸው።»

ካፖርቷን ደርባ ወጣች። በረዶው ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ሥራው እንዳመለጣት እርግጠኛ ነበረች። ተመልሳ የደረጃውን በር ለማንኳኳት ግን እጇ አልታዘዘላትም።

አቶ ጉልላትም እንደ ዛቱት አደረጉ። በሳምንቱ የዚያች ወደብ ኃላፊ፣ አንዲት ድምፀ ሻካራ ፈረንጅ፣ ለፀሐይነሽ ደወለች።

«የቀድሞ አለቃሽን አነጋገርኩ። ግትር ናት አሉኝ። እንግዶች ቆመው፣ እሳቸው አዘውሽ፣ ውሃው ይጎድላል ብለሽ መርከብ አላስገባም አልሽ አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እኔ ባዝዝሽስ?»

«ለእርስዎም አላስገባም» አለች።

«መቼ ትጀምሪያለሽ?» አለች ሴትዮዋ።

በስንብቷ እሑድ አቶ ጉልላት የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ «ያስቀጠርኳት እኔ ነኝ» እያሉ ለሰው ሁሉ ያወራሉ። ሐሰት ነው እንዳይባል፣ ሐሰት አይደለም። ፀሐይነሽ ጠጋ ብላ ትከሻቸውን ሳመች።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ ጉልላት። አልዋሹብኝም።»

እሳቸውም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ። «ግን ይገባ ነበር» አሉ።

«አይገባም ነበር» አለችና ሻንጣዋን አነሳች።