አሥራ አንዱ ገጽ

«ግንቦት አሥራ ሰባት ነበር» ይላሉ መሪጌታ በዕውቀቱ ነገሩን ሲያነሡት። ወዲያው ይጠራጠራሉ፤ «የእስጢፋኖስ ዕለት ከሆነማ ከገዳም መቼ እወጣ ነበር። አሥራ ስምንት ይሆን?»

ቀኑ ይምታታባቸው እንጂ፣ ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልለው እስከ ሐይቅ ከተማ በእግራቸው መምጣታቸውን አይረሱትም። ውስጡ የሟች መምህራቸው ትርጓሜ ነበር፤ ከአፋቸው እየሰሙ አራት ዓመት የተየቡት። ሌላ ቅጂ የለውም። መብራት ድንገት ጠፍቶ ሲመለስ ፎልደሩ አልከፈት አለ።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ኸሚስ ውጫሌ ላይ ከአባቱ ጋር ሬዲዮ ሲፈታ ያደገ ሰው ነው። ከደንበኛው ይልቅ ዕቃውን ያያል። ድሮ የአንዲት ሙሽራ ፎቶዎች ያሉበት ኮምፒውተር «ላስተካክል?» ቢለው እሺ አለ፤ ዲስኩ ተስተካከለ፣ ፎቶዎቹ ጠፉ። ሙሽራይቱ አለመቆጣቷ ባሰበት። ከዚያ ወዲህ ዲስክ ሲገለብጥ ኪቦርዱን ነቅሎ መደርደሪያ ላይ ያኖራል። እጅ አያርፍም ባይ ነው።

ከተበላሸ በኋላ የነኩት ነገር እንዳለ ጠየቃቸው። መሪጌታ ኮራ ብለው ነገሩት፤ የመጨረሻው ትምህርት ከልባቸው ሳይወጣ፣ በዚያው ላፕቶፕ በቃላቸው ጽፈውታል።

ኸሚስ ቀና አለ። «ስንት ገጽ?»

«አሥራ አንድ።»

«የጠፋው ፋይል እኮ እዚያው ነው። ማሽኑ ስለማያየው ባዶ መስሎት ሌላ ያስጽፍበታል። አንቱ ብራና ታውቁ የለ? ፍቆ መጻፍ ነው።»

መሪጌታ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ኸሚስ ዲስኩን ፈትቶ፣ እንዲነበብ እንጂ እንዳይጻፍበት አድርጎ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። ኮምፒውተሩ «ላስተካክል?» አለ። እንቢ አለው። ከነብልሽቱ ወደ ባዶ ዲስክ ይገለብጠው ጀመር። መሪጌታ የተበላሸ መገልበጥ ምን ይፈይዳል ብለው ተሟገቱ።

«እንዳለ ነው የሚገለበጥ፣ የኔታ። እርማቱ ከቅጂው ላይ ነው፤ ዋናው አይነካም።»

መሪጌታ ክርክሩን ተዉት። መምህራቸው ለጸሐፊዎች የሚሉት ይህንኑ ነበር፤ ስሕተቱንም እንዳለ ቅዳ።

የተገለበጠውን የሚያሳየው ቁጥር ከመቶ ስልሳ አንድ ላይ ቆመ። ዲስኩ እንደ ነቀዝ ኩርሽም ኩርሽም ይላል። መሪጌታ መቁጠሪያቸውን አወጡ።

«አንቱ ጸልዩ፣ እኔም ዱዓ ላይ ነኝ» አለ ኸሚስ ዓይኑን ሳያነሣ። «መብራት ግን የማናችንንም አይሰማ።»

ብዙ ቆይቶ ቁጥሩ ተነቃነቀ። ከቀትር በኋላ ከቅጂው ላይ ትምህርቶቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ አሥራ ሦስቱ ሙሉ ናቸው። አሥራ አራተኛውና የመጨረሻው፣ መምህሩ አልጋ ላይ ሆነው የተናገሩት፣ የለም። በቃል የተጻፈው አሥራ አንዱ ገጽ ብቻ ጥርት ብሎ አለ።

ብልሽቱ ነው የበላው ወይስ የእሳቸው ገጾች ናቸው የተጻፉበት? የሚያውቀው ኸሚስ ብቻ ነው። መሪጌታ ሊጠይቁት አፋቸውን ሲከፍቱ የአስር ሶላት አዛን ተሰማ። ኸሚስ ዋናውንም ቅጂውንም ከላፕቶፑ ጋር በነጠላው ጠቅልሎ አስታቀፋቸው። ሌላ ቀን አዛኑ አልቆ እንኳ የጀመረውን ብሎን ሳያጠብቅ የማይነሣ ሰው፣ ገና በመጀመሪያው ድምፅ ኮፊያውን ይዞ፣ ዓይናቸውን ሳያይ ወጥቶ ሄደ።