የወንድሜ አዮ

እናታችን ጎጆ በሚባለው ደጋ አገራችን ከሞተች ብዙም ሳይቆይ አጎታችን ድንች በጫነ አይሱዙ አሳፍሮ አምቦ አመጣን። አባታችን ቀድሟት ሞቷል። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ገና አራት አልሞላውም። ከከተማው ወጣ ካለ አንድ ሰፊ ግቢ በር ላይ ስንደርስ ወንድሜን ከጀርባው አውርዶ እጄን አስያዘውና «ገብሱ ሲገባ መጥቼ አያችኋለሁ» አለኝ። ገብሱ ገባ፤ የሚቀጥለውም ዓመት ገብስ ገባ፤ አጎቴ ግን አልመጣም።

ግቢው ወላጅ የሌላቸው ልጆች የሚያድጉበት ነበር። ተመሳሳይ የቆርቆሮ ቤቶች ተደርድረውበታል፤ በየቤቱ አንዲት «እናት» ከተሰጧት ልጆች ጋር ትኖራለች። እናቶቹ ባልም ልጅም የሌላቸው ሴቶች ናቸው፤ ሲቀጠሩ መጀመሪያ የሚጠየቁት ይህ ነው። የእኛ ቤት እናት የጉደር ሴት ነች፤ ያኔ ወደ አርባው የምትጠጋ፣ ረዘም ያለች፣ ስትራመድ ቀኝ እግሯን ትንሽ የምትጎትት።

በመጀመሪያው ቀን ወንድሜ አልጋ ሥር ገብቶ አልወጣም አለ። ሌላ ሰው ቢሆን እግሩን ይዞ ይጎትተው ነበር። እሷ ምሳችንን በትሪ ይዛ መጣችና መሬቱ ላይ፣ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። እኔንም አስቀመጠችኝ። በኦሮምኛ ስለ ጎጆ ብርድ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ መኪናው ትጠይቀኝ ጀመር፤ ወደ አልጋው ሥር አንድ ጊዜ እንኳ ሳታይ። ጥቂት ቆይቶ ትንሽ እጅ ከአልጋው ሥር ወጥታ ከትሪው ጫፍ ቆርሳ ተመለሰች። እሷ ወሬዋን አላቋረጠችም።

ወንድሜ ከዚያ በኋላም ለብዙ ወራት አልተናገረም። አፉን ሲፈታ ያወጣው የመጀመሪያ ቃል «አዮ» ነው፤ እማዬ ማለት ነው። ልብስ ስታሰጣ ቀሚሷን ይዞ ነው የጠራት። ደሜ ፈላ።

«አዮ ሞታለች። እሷ አዮ አይደለችም» አልኩት።

ልብሱን ማስጣቷን ሳትተው «ተይው፤ ልጅ አፉ ላይ የመጣለትን ይጥራ። አንቺም የሚቀልሽን ጥሪኝ» አለችኝ።

እኔ «እትዬ» አልኳት። በዚያው ቀረ። እሷ ለእኔ እትዬ፣ ለእሱ አዮ ሆና አብረን ኖርን።

ሕይወታችን ገነት አልነበረም። የሁላችንም ፀጉር በአንድ ቀን፣ በአንድ መቀስ ስለሚቆረጥ ትምህርት ቤት ውስጥ ከሩቅ ያውቁናል፤ «የግቢ ልጆች» ይሉናል። በዓመት አንዴ ግቢውን የሚያስተዳድረው ድርጅት ሠራተኞች መጥተው ቁመታችንንና ክብደታችንን ይለካሉ፣ ፎቶ ያነሱናል፣ ስናድግ ምን መሆን እንደምንፈልግ ይጠይቁናል። ሁላችንም ሐኪም እንል ነበር። ከቤታችን ትልቋ ልጅ አንድ ክረምት ጠፍታ ስትመለስ ነፍሰ ጡር ነበረች። ዘበኛው እንዲያስገባት አልተፈቀደለትም። እትዬ በር ላይ ወጥታ ነጠላዋን አልብሳት ወደ መናኸሪያ ሸኘቻት። ከዚያ በኋላ ልጅቷ የት እንደደረሰች የነገረን የለም።

ወንድሜ አስም ነበረበት። እትዬ በሽታውን ከእሱ ቀድማ ታውቀዋለች። ትከሻው ከፍ ከፍ ማለት ሲጀምርና ጨዋታውን ትቶ ዝም ሲል የያዘችውን ጥላ ትመጣለች። ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ጀርባውን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ትሰጠዋለች። ከዚያ አብራው ትተነፍሳለች፤ ቀስ ብላ፣ እስኪከተላት ድረስ። ከሰል ቤት ውስጥ አታስገባም። እሱ ከትምህርት ቤት ሳይመለስ ጠርጋ ትጨርሳለች። ከተማው በታወከበት ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ አስፋልቱ ላይ የሚነደው የመኪና ጎማ ጭስ እስከ ግቢያችን ሲመጣ፣ የመስኮቱን ክፍተት ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ትደፍን ነበር። ተኩስ ሲሰማ እኛ መሬት ላይ እንተኛለን፤ እሷ ግን ጨርቁን እያረጠበች ከመስኮት መስኮት ትሄዳለች።

በእሷ እጅ ወንድሜ ሰው ሆነ። ያ ዲዳ የመሰለን ልጅ ቤቱን በወሬ የሚያናውጥ፣ የመምህራኑን አነጋገር እየቀዳ የሚያስቀን ሆነ። አሥር ዓመት ሲሞላው በንባብ ከክፍሉ አንደኛ ነበር።

ከዚያ ግቢው ሊዘጋ ነው ተባለ። ሥራ አስኪያጁ አዳራሽ ሰብስቦ ነገረን። ከውጭ የሚመጣው ድጋፍ ተቋርጧል፤ ልጅ ደግሞ በዘመድ መሐል ቢያድግ ይሻላል አለ። የተናገረው ውሸት ነው አልልም። ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ፣ የሌለው ወደ ሌላ ከተማ እንዲሄድ ተወሰነ። የእኛም አጎት ተፈልጎ ተገኘ።

እትዬ ቢሮ ስትገባ ተከትያት ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ክፍት ነበር።

«ሁለቱን ለእኔ ስጡኝ» አለች።

«ቤት አለዎት?» አላት ሥራ አስኪያጁ።

«እከራያለሁ።»

«ከዚህ ሲወጡ በምን ደመወዝ?»

«ሌላ ሥራ እይዛለሁ።»

«እትዬ፣ እርስዎን ማሳዘን አልፈልግም። የሥጋ ዘመድ እያላቸው ለእርስዎ መስጠት አንችልም። አጎታቸው እወስዳለሁ ብሏል።»

«አጎታቸው የልጁን ደረት ያውቃል?»

«እንነግረዋለን» አላት።

አጎቴ ሲመጣ አርጅቶ አገኘሁት። ፊታችንን ማየት አፍሮ ኮፍያውን በእጁ ያሻሽ ነበር። እትዬ «ኦቦ» እያለች በአክብሮት አስቀመጠችው። መድኃኒቱን እጁ ላይ አድርጋ እንዴት እንደሚያዝ አሳየችው፤ እሱም ደግሞ እንዲያሳያት አደረገች። ከዚያ «ብርድ አያግኘው። ጭስ አያግኘው» አለችው።

አጎቴ ቀና ብሎ አያት። «እህቴ፣ እኛ አገር ከብርድና ከጭስ ሌላ ምን አለ?»

ቀልዱን አልነበረም።

በጊንጪ በኩል ጎጆ ገባን። ወንድሜ አገሩን አላወቀውም። የአጎቴ ሚስት ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ለልጆቿ ካላት ላይ ቀንሳ አበላችን። ወንድሜ ሲንቀጠቀጥ ስታይ ታዝንለትና ከምድጃው አጠገብ ታስተኛዋለች። እኔ ጭሱን ፈርቼ ከዚያ ሳነሳው ደግሞ ብርዱ ይይዘዋል። «አዮ መቼ ትመጣለች?» እያለ ይጠይቃታል። እሷ የሞተችውን እናታችንን የጠየቃት ይመስላትና ታለቅሳለች። የሚጠይቀው ማንን እንደሆነ ብነግራት የባሰ አዘነች።

መድኃኒቱ ሲያልቅ አጎቴ ጊንጪ ወርዶ አመጣ። ያም አለቀ። ደግሞ ሲሄድ የለም ብለው መለሱት፤ አምቦ ፈልግ አሉት። ያኔ ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ መኪና አይወጣም፣ አይወርድም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ንጋት ወንድሜ ተነስቶ ተቀመጠ። ትከሻውን ሳይ ገባኝ። እትዬ እንደምታደርገው ከኋላው ተቀምጬ ደረቴ ላይ አስደገፍኩትና ቀስ ብዬ ተነፈስኩ። ሊከተለኝ ሞከረ። አጎቴ ጎረቤት ጠርቶ ቃሬዛ አመጡ። ዝናቡ አላባራም። ሰዎቹ ጭቃው ላይ እየተንሸራተቱ፣ እየተቀባበሉ ተሸከሙት፤ እኔ እጁን ይዤ ከጎን እሮጣለሁ። ዳገቱን ሳንጨርስ እጁ ከእጄ ውስጥ ላላ። «አውርዱት» አልኳቸው። አጎቴ ግን አልሰማ አለ፤ ጤና ጣቢያው በር እስክንደርስ «ፍጠኑ፣ ፍጠኑ» ይል ነበር።

በማግሥቱ ተቀበረ። የአጎቴ ቤት ሰዎች ጴንጤ ስለሆኑ ቀብሩ በመዝሙር ነው። ለእትዬ የደወለላት አጎቴ ራሱ ነው። መኪናው ጭቃው ላይ ሲቆምባት ወርዳ፣ ያንን እግሯን እየጎተተች በእግሯ መጣች። ስትደርስ ቀብሩ አልፏል። እኔን ታቅፋ ትንሽ ቆየችና ወደ ድንኳኑ ገባች። የአጎቴ ሚስት የእናት ቦታ ላይ፣ በሴቶች መሐል ተቀምጣለች። እትዬ ወደዚያ አልሄደችም፤ በሩ አጠገብ፣ ከሩቅ የመጡ እንግዶች ዘንድ ተቀመጠች።

አንዲት ሴት «አንቺ ምኑ ነሽ?» አለቻት።

«አሳዳጊው ነበርኩ።»

«የድርጅቱ ሠራተኛ ናት» ብላ አስረዳች ሌላዋ።

እትዬ አንገቷን ደፋች። አጎቴ ከድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ሰምቷል። ገባና ክንዷን ይዞ አስነሳት። አጎቴ በሰው ፊት መናገር የማይወድ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሃዳ ኢሳቲ» አለ። እናቱ ናት ማለቱ ነው። ሚስቱ ተነስታ ቦታውን ለቀቀችላት። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተነሱ። ቀድመው አጽናንተው የጨረሱት ሰዎች እንደገና ተራ በተራ እየመጡ እፊቷ ጎንበስ አሉ፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት። እስከዚያች ሰዓት እንባ አልወጣትም ነበር።

ልቅሶው ሲያበቃ አጎቴን «እሷን ስጠኝ» አለችው። እሱ ደግሞ እኔን ጠየቀኝ። እሄዳለሁ አልኩ።

አምቦ ውስጥ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየች። ሆቴል ወጥ ቤት ገብታ እየሠራች አስተማረችኝ። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ማታ እግሯ አብጦ ትገባለች፤ በሙቅ ውኃ አጥብላታለሁ። ስለ ወንድሜ ብዙ አናወራም ነበር። አንዳንዴ ግን ምግብ ስታቀርብ ለሦስት ሰው ታወጣና የአንዱን ወደ ድስቱ ትመልሳለች።

አሁን እኔ አስተማሪ ነኝ። ባኮ ተመድቤ ስሄድ አብራኝ እንድትኖር ለመንኳት። ሙቀቱም ለእግሯ ይሻል ነበር። «ከዚህ አልርቅም» አለችኝ፤ ከአምቦ ጎጆ ይቀርባል ማለቷ ነው። ዝውውር ጠይቄ ወደ እሷ ተመለስኩ። ከግቢው ልጆች አንዷ ከዓረብ አገር ትደውልላታለች፤ አንዱ ድንጋይ ፈልጦ እየሸጠ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። የሌሎቹን ሳንሰማ ዓመታት አለፉ። ቤቶቹ መጋዘን ሆነዋል፤ በዚያ በኩል ማለፍ አትወድም።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በየነሐሴው መቃብሩ ድረስ እንሄድ ነበር። አሁን በጸጥታ ችግር ምክንያት መንገዱ አይታመንም። አጎቴ ስልክ ሲሠራለት ይደውላል። ባለፈው ክረምት ጎርፍ የመቃብሩን አፈር አጥቦት እንደነበር፣ ድንጋይ ለቅሞ እንደከበበው ነገራት። አመሰገነችው። ከዚያ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በመናኸሪያው በኩል ታልፋለች። የጎጆ መኪና መውጣት ጀምሮ እንደሆነ ረዳቶቹን ትጠይቃለች፤ አልጀመረም ሲሏት እግሯን እየጎተተች ወደ ቤት ትመጣለች።