ብርቱካን እስክትሰማ ድረስ

ብሎግ መጻፍ ስጀምር ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ በጋሼ ይመር የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ማመልከቻ እተይባለሁ። የመጀመሪያው ቀን ዝናቡ መንገዱን ዘግቶት ደንበኛ አልነበረም። ጋሼ ይመር ኮምፒውተሩን በአገጫቸው እየጠቆሙ፣ «ስሚ፣ ቀኑን ሙሉ ለኔ የምታወሪውን ለዚህ ብትነግሪው እኔም ጆሮዬ ባረፈ» አሉኝ። ቀልዳቸውን ነበር። እኔ ግን ቁጭ አልኩና፣ ከአቀስታ ስመጣ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሴቶች በአንድ በግ የተጣሉትን ጠብ ጻፍኩ።

ያስተማረኝ የለም። ፎቶ ሳይከብድ እንዴት እንደሚጫን፣ ርዕስ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ሁሉንም እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። መብራት ስለሚሄድ በስልኬ ጽፌ አስቀምጣለሁ፤ ኔትወርክ ሲመጣ አወጣዋለሁ። የምጽፈው የምወደውን ነው፦ የባቄላ እሸት፣ የጥልፍ ክር ቀለም፣ የገበያ ወሬ። ከሁሉ በላይ ግን አክስቴን፣ እትዬ ዘውዴን።

አክስቴ ከከተማው በታች ነበር የሚኖሩት። ዶሮዎቻቸውን እንደ ምራት ይቆጧቸዋል። ስሄድ ገና ከበር፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ብለሽ አዋረድሽኝ?» ይሉኛል። አነብላቸዋለሁ።

«ውሸት! እንዲህ አላልኩም።»

«ብለዋል፣ አክስቴ።»

«ብልስ? ያልኩት ሁሉ ለሰው ይነገራል?» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «በይ እስቲ ድገሚው።»

የእሳቸውን ነገር አጥብቃ የምትጠብቀው አንባቢዬ የገዛ ልጃቸው ብርቱካን ናት። ቤይሩት በሰው ቤት ትሠራለች። አንድም ጽሑፍ አታልፍም፤ ከሥሩ አስተያየት ትጽፋለች።

አክስቴ ሳይታመሙ በድንገት አረፉ። ቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ ወጣ፤ ቀበርናቸው። በአገራችን መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገር፤ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ እጅ አጠገብ ሆኖ። ብርቱካን ግን ከአሠሪዎቿ ቤት ብቻዋን ናት። ለማን ይነገር? እንዴት?

ከቀብር እንደተመለስኩ ስልኬን ከፈትኩ። አገር ቤት ያሉ አንባቢዎቼ ከብሎጌ ሥር «ነፍስ ይማር» ሊሉ እንደሚጀምሩ ገብቶኛል። ማንኛውም አስተያየት እኔ ሳላየው እንዳይወጣ አድርጌ ዘጋሁት። ወዲያው መምጣት ጀመረ። አንዱንም አላወጣሁም። ከመሃል የብርቱካን ነበረ፦ «እታለም፣ እናቴ ምነው ጠፋችብን? ዶሮዎቿን ስትሳደብ አስነብቢን እንጂ።»

የብርቱካን ታላቅ ወንድም አድማሱ ጋቢውን እንዳዘቀዘቀ ሱቅ ድረስ መጣ።

«የእናቴ የድሮ ፎቶ አለሽ አይደል? ዛሬ ያነሣሁት ነው ብለሽ ለጥፊላት።»

«አይሆንም፣ አድማሱ።»

«እንዴት አይሆንም? ተጠራጥራ ብትደውልና አንዱ ክፉ ቢነግራት? ብቻዋን ሰምታ ከፎቅ ብትወድቅስ? ላንቺ ብሎግ ብለን ሁለት ሐዘን እንቀመጥ?»

«ነገ እውነቱን ስትሰማ ያ ፎቶ ዕድሜዋን ሙሉ ያቃጥላታል። ሁለት ቀን ስጠኝ።»

«ሁለት ቀን ምን ልታደርጊ?»

እኔም በደንብ አላወቅሁትም ነበር። ሐዋ የምትባል የዚሁ የወረዳችን የቦረና ልጅ አለች፤ እሷም ቤይሩት ናት። በአካል አይቻት አላውቅም፤ የማውቃት ከአስተያየቶቿ ነው። ስለ ባቄላ እሸት በጻፍኩ ቁጥር «አንቺ ጨካኝ፣ አስጎመጀሽን» ትለኛለች። ብርቱካን ብቻዋን እንዳትሰማ ብዬ የሆነውን ሁሉ በግል ጻፍኩላት።

«አብሽሪ» አለችኝ። «የእረፍት ቀናችን ከነገ ወዲያ ነው። የአገር ልጅ እሰበስባለሁ። የብርቱካንን ስልክ ላኪልኝ።»

ላኩላት። ሐዋ ደውላ በዋዜማው እኛ ጋር እደሪ ብላ ጠራቻት። እኔ ለብርቱካን ጥያቄ አልመለስኩም። ብሎጉ ላይ ያን ሳምንት የወረደውን በረዶ ብቻ ጻፍኩ፤ እሱ እውነት ነው።

በቀጠሯቸው ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ የሐዋ መልእክት ነው። «ነገርናት። ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ቤቱ ሞልቷል። እያለቀሰች ነው፣ ይዘናታል።» ለአድማሱ አነበብኩለት። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ አክስቴ የጻፍኩት። ይዤው የቆየሁትን «ነፍስ ይማር» ሁሉ አብሬ ለቀቅሁት። ብርቱካን ከሰልስቱ በኋላ፣ «ዝም ስትዪኝ ፈርቼ ነበር። ግን በሰው መሃል ሰማሁ። እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ጻፈች። በዚህ ሥራ ብዙ ምስጋና ደርሶኛል፤ እንደዚህኛው የኮራሁበት የለም።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው አጭር ነው። የቅርብ ዘመድ መስማቱን ሳታረጋግጡ ሞት አትጻፉ፤ ሌላውም ከጽሑፋችሁ ሥር እንዲጽፍ አትፍቀዱ። ለማጽናናት ተብሎም ውሸት አይለጠፍም።

አድማሱ ከአርባው በኋላ በገበያ ቀን መጣ። በግ ሸጦ ነበር። ወንበር ስቦ ከጎኔ ተቀመጠና የእናቱ ዶሮዎች እንዴት እንደሰነበቱ አንድ በአንድ ነገረኝ፤ ለብርቱካን እንድጽፍላት። አሁንም ገበያ በወጣ ቁጥር እየመጣ ይነግረኛል።