የሳህኑ ግራ ጎን

አዋሽ ከተማ ዳር ወዳለ የቆርቆሮ መጋዘን ያስገቡኝ ረፋድ ላይ ነው። የተያዝኩት ስልኬ ውስጥ በተገኘ አንድ መልእክት ምክንያት ነበር። መልእክቱን የጻፍኩት እኔ አልነበርኩም፤ ይህን የሚሰማኝ ግን አላገኘሁም። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነው፤ ቀጥሎ የላብና የላስቲክ ምንጣፍ ሽታ። ከዚያ አንድ አዛውንት በቀኛቸው በኩል ያለውን ምንጣፍ መታ መታ አድርገው «ና፣ እዚህ ተቀመጥ» አሉኝ።

አፋር ናቸው፣ ግመል አርቢ። ለምን እንደታሰሩ ብጠይቃቸው «እኔም እየጠየቅኩ ነው» አሉ። እኔ ደገኛ ነኝ፤ ሥራዬ የዓይን ነርስነት ነው። አባባ አልኳቸው፣ እሳቸው ደግሞ ዶክተር አሉኝ። ዶክተር አለመሆኔን ብነግራቸው «እዚህ ማን ይቆጣጠርሃል?» ብለው ሳቁ። ያን ጊዜ ነው የወደድኳቸው። እኔ ከመምጣቴ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ራሳቸውን ክፉኛ አሟቸው እንደነበር አጫወቱኝ፤ አሁን ግን አልሐምዱሊላህ፣ ትቷቸዋል።

ምግባችን ሩዝ ነው፣ በላስቲክ ሳህን። አባባ የሳህኑን ቀኝ ጎን ጥርግ አድርገው በልተው ግራውን ሳይነኩ ያስቀምጡታል። እኔ ሞኙ ለእኔ ያተረፉልኝ መሰለኝ። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ለልጅ አትርፎ ነው የሚነሳው። ሁለት ቀን ሙሉ እያመሰገንኩ በላሁት። «ለምኑ?» ይሉኛል፤ ትሕትና ነው ብዬ አልፋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ የሰመራ ሚኒባስ ሹፌር አመጡ፤ እሱም አፋር ነው። ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ከየት እንደመጡ፣ ምን እንዳዩ፣ ምን እንደሰሙ ተጠያይቀው ሳይጨርሱ ሌላ ወሬ የለም። ዳጉ መንፈግ ትልቅ ንቀት ነው። ሹፌሩ በአባባ ግራ በኩል ቁጢጥ ብሎ እጁን ዘረጋና በቋንቋቸው ሰላምታ ሰጠ። አባባ ድምፁን ሰሙ። ፊታቸውን ግን ወደ እኔ አዙረው፣ በማልሰማው አፋርኛ ለእኔ መለሱልኝ። የሹፌሩ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ለደገኛ ፊቱን፣ ለእኔ ጀርባውን» አለና ተነስቶ ጥግ ሄደ። የጎሳ ቂም ይሆናል ብለን ከሌሎቹ እስረኞች ጋር ተንሾካሾክን። ጠብ እንዳይነሳ ፈራን።

ምሳ መጣ። አባባ እንደ ልማዳቸው ቀኙን በልተው ሳህኑን አስቀመጡ።

«ዛሬም ግማሽ ነው የሰጡን» አሉ። «ወላሂ፣ ሰሞኑን ርቦኛል።»

ግማሹ ሩዝ ፊታቸው ነበር። ሳህኑን ያዝኩና አዞርኩላቸው።

«አንተ ደገኛ፣ ጠንቋይ ነህ እንዴ?» ብለው እየሳቁ መብላት ጀመሩ። እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የራበውን ሰው ምሳ ሁለት ቀን በልቻለሁ።

በልተው ሲጨርሱ አንድ ዓይናቸውን በእጄ ሸፍኜ ጣቴን በግራም በቀኝም አንቀሳቀስኩ። ሌላውንም እንዲሁ። ሁለቱም ዓይኖች ግራውን አያዩም። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሕመሙ የዓይን ነው እል ነበር። ሁለቱም በአንድ ወገን ሲያጡ ግን ችግሩ ያለው ከኋላ ነው። ዓይን ብርሃኑን ይቀበላል እንጂ የሚያየው አንጎል ነው። ያ የራስ ምታት ዝም ብሎ ራስ ምታት አልነበረም። ለእስረኞቹ ጮክ ብዬ አስረዳሁ፤ ሹፌሩ ከጥጉ ሆኖ አዳመጠ።

የጥበቃውን ኃላፊ አስጠራሁ።

«ዓይናቸውን ካመማቸው ጠብታ እናስመጣለን» አለ።

«ዓይናቸው ጤነኛ ነው። አንጎላቸው ውስጥ የደም ሥር ተዘግቶ ይሆናል። ከደገማቸው አይተርፉም፤ ሆስፒታል ይሂዱ።»

«ዓይኑ ጤነኛ ከሆነ እንግዲህ ያያል» ብሎኝ ሄደ።

አመሻሽ ላይ ሩዙ ሲታደል ሹፌሩ ከጥጉ ተነሳ። «ሁላችንም ቀኙን ብቻ እንብላ» አለ።

«ግራውንስ?» አለ አንዱ።

«ለኃላፊው።»

ርቦን ነበር፤ ግን ማንም አልተከራከረም። ሳህኖቹ ሁሉ ግማሽ ግማሽ ሆነው ሲመለሱ ኃላፊው ራሱ መጣ። ሹፌሩ በእርጋታ «ሽማግሌው የሚያዩትን ያህል ነው የበላነው» አለው። ኃላፊው አንድ ሙሉ ሳህን አስመጥቶ አባባ ፊት አኖረ። አባባ ቀኙን በልተው አቆሙ።

«አለቀ?» አለ ኃላፊው።

«አለቀ።»

ሳህኑን አዞረው።

«አንተም ቻልክበት» አሉት አባባ። ኃላፊው አልሳቀም። በነጋታው ሆስፒታል የሚወስዳቸው ፒካፕ በር ላይ ቆመ።

አባባ ሊወጡ ሲሉ ሹፌሩ በቀኛቸው ዞሮ እጁን ዘረጋ። አዩት። እጁን ይዘው ሳሙት፣ እሱም ሳማቸው፤ ዳጉ ጀመሩ። ኃላፊው ከውጭ «ፍጠኑ» አለ። በሩን የያዘው ፖሊስ አፋር ነበር። «ይጨርሱ» ብሎ በሩን በትከሻው ደግፎ ጠበቃቸው። ስለ ግመልና ስለ ዝናብ ሲያወሩ የቆዩ ይመስለኛል። እኔ አልቅሻለሁ።

ከተፈታን ወዲህ እኔ ሰመራ ነው የምሠራው። ሹፌሩ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ይጠይቀኛል። የአባባ ሕመም እንዳልኩት ሆኖ ተገኝቷል፤ መድኃኒት ይዘው ከግመሎቻቸው ጋር ናቸው። ግራቸው አልተመለሰም።

እኔ ቀድሞ ሰላምታዬን ሳይመልስ የሚያልፈኝን ሰው እቀየም ነበር። አሁን በሌላው ጎኑ ዞሬ ደግሜ ሰላም እለዋለሁ። አብዛኛው እውነትም ንቆኝ ነው። ግድ የለም።