ከልኩ በላይ የሮጠው ኮምፒውተር

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ለጌም ብሎ ኮምፒውተሩን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ ሲያደርገው አየሁና ደብረ ታቦር ትዝ አለችኝ።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከገበያው በታች በአንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት እሠራ ነበር። ማሽኑ ቀርፋፋ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ሙሉ ወደ አንበሳሜ ከተማ በሄዱ ቀን ከመጽሔት ያነበብኩትን ይዤ ሳጥኑን ፈታሁና ውስጡ ካለው ሰሌዳ ላይ ፍጥነቱን የምትወስን አንዲት ትንሽ መሰኪያ አዛወርኩ። ማሽኑ በረረ። ጋሽ ሙሉ ሲመለሱ ተደነቁ። "ሳጥኑን የነካ ከዚህ ቤት ይወጣል" ብለውኝ ስለነበር ያደረግኩትን ደበቅኩ።

በሰኔ አንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር ከጉና ተራራ ሥር በበቅሎ መጡ። የሞቱት መምህራቸው ቅኔ ያልተጻፈ፣ በእኚህ አረጋዊ ቃል ብቻ የቀረ ነበር።

"አብሮኝ እንዳይቀበር ጻፊልኝ፣ ልጄ" አሉኝ።

እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ሰዓት ያህል እንደሠራን ማሽኑ ግሎ ደርቆ ቀረ፤ የጻፍነው ጠፋ።

"መብራት ነው፣ የኔታ" አልኳቸው።

በማግስቱም እንደዚያው። ያስቀመጥኩት ፋይል ሳይቀር አልከፈት አለ። መሰኪያዋን ለመመለስ ሳጥኑን መፍታት አለብኝ፤ ጋሽ ሙሉ ደግሞ ዝናቡን ሸሽተው ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። የኔታ ከእርጥብ ጋቢያቸው ሥር የገብስ ቆሎ አውጥተው ዘገኑልኝ። ሳልቀምሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

በሦስተኛው ቀን ማሽኑ ሲቆም የኔታ መቋሚያቸውን አነሡ።

"መምህሬ አልፈቀዱም። ሦስት ጊዜ ከለከሉኝ፤ ይብቃ።"

በሩ ጋ ሲደርሱ ልቤ አልቻለም። "መምህርዎ አይደሉም፣ የኔታ! እኔ ነኝ!" ብዬ ሁሉንም ተናገርኩ።

ጋሽ ሙሉ ፊታቸው ጠቆረ። የኔታ ግን ተመልሰው ተቀመጡ።

"በይ ፍቺው። ቀስ ይበል፤ እኔም የማስታውሰው ቀስ እያልኩ ነው።"

ሳጥኑን ፈትቼ መሰኪያዋን ወደ ቦታዋ መለስኩ። ሳምንት ሙሉ ጻፍን፤ ማሽኑ አንድም ቀን አልቆመም። በመጀመሪያው ቀን ብለውልኝ ከጠፋው አንድ ቅኔ ግን ዳግም አልመጣላቸውም። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና "ሄደ" አሉ። ሥራው ባለቀ ዕለት ጋሽ ሙሉ አሰናበቱኝ።

ከሥራ መባረሬን ዛሬ እየሳቅሁ አወራዋለሁ። ያቺን ቅኔ ግን ከየኔታ ቀጥሎ የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ፤ ስጽፋትም ማሽኑ መጋል ጀምሮ ስለነበር ሐሳቤ መቼ ይቆም ይሆን የሚል ነበር። አንዲት ቃል እንኳ በቃሌ አልያዝኩም።