ከቁርስ በኋላ
ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ የባሰ የሚያናድደኝ ጥፋተኛው እኔው መሆኔ ነው።

ጋምቤላ ከተማ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የደም ግፊት ክትትል ክፍል ነርስ ነበርኩ። መድኃኒት አቋርጧል ያልኩት ታካሚ ሲገጥመኝ ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ እጮሃለሁ። ሌላውም ይማርበታል እል ነበር። እንዴት ያለ ትምህርት!

ባሮ ዳር ዓሣ የሚሸጡ አንዲት እናት ቀጠሯቸውን አንድም ቀን አዛንፈው አያውቁም፤ በመጡ ቁጥር ግን ግፊታቸው ጣራ ነክቶ ይገኛል።

«እማማ፣ መድኃኒቱን አይወስዱም ማለት ነው!»

«እወስዳለሁ።»

«ታዲያ መሣሪያው ነው የሚዋሸው?»

«እኔም አልዋሽም» አሉ ቀስ ብለው። ከበሩ ውጭ ወረፋ የሚጠብቁት የቸርች ጓደኞቻቸው አንገታቸውን ደፉ።

ካርዳቸው ላይ በቀይ «አትወስድም» ብዬ ጻፍኩ። ሐኪሙ ደግሞ መጠኑን ጨመረ። አይወስዱም ብለን መጠን መጨመራችንን እስኪ ማን ያስረዳኛል? በሚቀጥለው ወርም እንደዚያው ጮህኩ፤ እንደገና ተጨመረ።

ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ እማማን ሰዎች በባጃጅ ይዘዋቸው መጡ። ገበያ መሀል፣ ዓሣቸው ላይ ተደፍተው ነው። ስለካቸው ግፊታቸው ክፉኛ ወርዷል። አስተኝተን በደም ሥር ፈሳሽ ሰጠናቸው። ነፍስ ሲዘሩ፣

«ዛሬ መድኃኒት ወስደዋል?» አልኳቸው።

«አዎ። ዛሬ ቀጠሮ የለም፣ ቁርስ በላሁ።»

«የቀጠሮ ቀንስ?»

አፈጠጡብኝ። «ኪኒን ከቁርስ በኋላ ነው አልክ። ለቀጠሮ ቁርስ ሳይበላ ነው አልክ። እንዴት ልዋጥ?»

ሁለቱንም ብያለሁ። በቀጠሮ ቀን ስኳርም ስለምንለካ በባዶ ሆድ እናስመጣቸዋለን፤ ኪኒኑን በውኃ ብቻ ውጠው ይምጡ ያለ ግን አንድም ሰው የለም። ወሩን ሙሉ በአግባቡ ሲውጡ ከርመው፣ ባልዋጡባት በዚያች አንዲት ጠዋት እየለካን መጠን ስንቆልልባቸው ኖረናል። ልገድላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር!

መጠኑ ተቀነሰላቸው። ቀዩን ጽሑፍ ሰርዤ ካርዱን ሳሳያቸው ገፉት።

«በካርድ አልሰደብከኝም። እዚያ ነው የሰደብከኝ» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ኮሪደሩ እያመለከቱ።

ወጣሁ። ወረፋው ሞልቷል። «እማማ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ለቁጣ ሲሆን የሚያስተጋባው ድምፄ በሩ ላይ ካሉት አላለፈም።

እሳቸው ከአልጋው ላይ ሆነው ተጣሩ።

«አልሰሙም። ድገም።»